የሴቶች የቢስክሌት ኦምኒየም በኦሊምፒክ፤ አጀማመሩና ዕድገቱ

ሰው የሰውን ችሎታ ሲመዝን ከጥንት ጀምሮ በሁለት ሚዛን ሲጠቀም ኖሯል። አንደኛው ሚዛን በአንድ ነገር ብቻ ከሁሉ የሚበልጠውን ሰው ለይቶ መሸለም ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአንዱ ሳይወሰን በብዙው ነገር ደኅና ሆኖ የሚገኘውን ሰው ማክበር ነው። የጥንት ግሪኮች በአጭሩ ሩጫ የቀደመውን ጐልማሳ አክሊል ያቀዳጁት እንደ ነበር ሁሉ፥ ሩጫውን፥ ዝላዩን፥ የዲስክና የጦር ውርወራውን፥ ትግሉንም አጣምሮ በአምስቱ የተፈተነውን ሰው በተለየ ክብር ይመለከቱት ነበር። በዘመናችን በቢስክሌት መሽቀዳደሚያ ሜዳ ይህን ሁለተኛውን ሚዛን የያዘው ውድድር «ኦምኒየም» ይባላል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው «የሁሉም» ማለት ነው። አንዲት ተወዳዳሪ ጠባያቸው የተለያየ ብዙ ውድድሮችን ተራ በተራ ትፈጽምና፥ የሁሉም ውጤት ተደምሮ አሸናፊዋ በድምሩ ትታወቃለች።

የሴቶች ኦምኒየም ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ2012 ዓ.ም. በሎንዶን ስለ ሆነ ታሪኩ አጭር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ከዚህ አጭር ታሪክ በስተኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሴቶች በቢስክሌት ሜዳ ላይ ስፍራ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ባገኘ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተከተለ። ለተገኘው ስፍራ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የኦምኒየም ታሪክ ከስፖርት ወዳጆች ውጭ ላለው አንባቢም ሊታወቅ የሚገባው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ሜዳውና ቢስክሌቱ

ከሁሉ አስቀድሞ ውድድሩ የሚደረግበትን ስፍራ አንባቢ በዐይነ ኅሊናው ይመልከተው። ቬሎድሮም የሚባለው ሜዳ ቅርጹ ሞላላ የሆነ፥ ለታላላቅ ውድድሮች በእንጨት የተነጠፈ፥ ዙሪያው 250 ሜትር የሆነ መንገድ ነው። ማጠፊያዎቹ እንደ ቤት ጣራ ያዘቀዘቁ ናቸው፤ በሎንዶኑ የኦሊምፒክ ሜዳ የማጠፊያው ተዳፋት 42 ዲግሪ ያህል ይሆናል። እንዲህ የተሠራበትም ምክንያት በታላቅ ፍጥነት የሚዞረው ቢስክሌት ወደ ውጭ እንዳይወረወር ነው። በዚህ ሜዳ የሚነዳው ቢስክሌት ፍሬን የለውም፤ ማርሹም አንድ ብቻ ነው። ፔዳሉ ከኋላው ጎማ ጋር ያለ ማላቀቂያ የተያያዘ ስለ ሆነ ጎማው በዞረ ቍጥር እግርም አብሮ ይዞራል። ነጂዋ ጥቂት ልረፍ ብትል እንኳ ቢስክሌቱ አያሳርፋትም።

ከኦሊምፒክ አስቀድሞ

ሴቶች በዚህ ዓይነት ሜዳ መሽቀዳደም የጀመሩት ትናንት አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ፥ ሁለቱ ጎማዎቹ እኩል የሆኑት ቢስክሌት በአውሮጳና በአሜሪካ በተስፋፋ ጊዜ፥ ብዙ ሴቶች ያለ ሠረገላና ያለ አጃቢ ርቆ መሄድን አገኙ። ረጅሙ ቀሚስ ከሰንሰለቱ ጋር አልስማማ ቢል ልብሳቸውን እስከ መለወጥ ደረሱ፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ተዘለፉ። ይሁን እንጂ ዘለፋው ከሜዳው አላስቀራቸውም። በ1895 በሎንዶን ከተማ ሮያል አኳሪየም በተባለው አዳራሽ ውስጥ ለብዙ ቀናት የሚቆይ የሴቶች ውድድር ተደርጎ ተመልካች ጎርፎለት ነበር። በአሜሪካም ከስዊድን ተሰዳ በቺካጎ በልብስ ስፌት ትተዳደር የነበረችው ቲሊ አንደርሰን በሜዳ ውድድር ስሟ የገነነው በዚሁ ዘመን ነው። ነገር ግን ሃያኛው ምዕት ዓመት እንደ ገባ ሴቶች በሜዳ ላይ እንዳይሽቀዳደሙ ክልከላ ስለ በረታ ይህች ሴት በ1902 ውድድሩን ለመተው ተገደደች።

በ1896 በአቴና የታደሰው የኦሊምፒክ ጨዋታ ቢስክሌትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዘ ቢሆንም፥ የያዘው ለወንዶች ብቻ ነበር። ጨዋታውን ያሳደሱት ባሮን ፒየር ደ ኩቤርተን ሴቶች በሜዳ እንዲወዳደሩ የማይፈቅዱ ሰው እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። የዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበርም ለሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የከፈተው በ1958 ነው። በዚያ ዓመት ሦስት ውድድሮች ተፈቀዱላቸው፤ አንደኛው የመንገድ፥ ሁለተኛው በሜዳ የሚደረገው የአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር፥ ሦስተኛውም የማሳደድ ውድድር ነው። የማሳደድ ውድድር የሚባለው ሁለት ነጂዎች ከሜዳው ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ተነሥተው አንዱ ሌላውን ለመድረስ የሚነዱበት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን ለመረዳት የአንዲትን እንግሊዛዊት ታሪክ መመልከት ይበቃል። ቤሪል በርተን በዮርክሻየር በአትክልት እርሻ እየሠራች የምትኖር ሴት ነበረች። በማሳደድ ውድድር በ1959፥ በ1960፥ በ1962፥ በ1963ና በ1966 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በ1967 ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት በሚፈጀው የመንገድ ውድድር 277 ማይል ከሩብ ያህል፥ ይኸውም ወደ 446 ኪሎ ሜትር በመንዳት በዚያው ቀን ከነዱት ወንዶች ሁሉ በለጠች፤ የወንዶቹንም ክብረ ወሰን አለፈች። ከፊቷ የነበረውን ታላቅ ተወዳዳሪ በደረሰችበት ጊዜ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ እንደ ሰጠችውና ጥላው እንደ ሄደች ይነገራል። ሆኖም ይህች ሴት አንድም ቀን በኦሊምፒክ አልተወዳደረችም። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አልነበረም። በጉልበቷ ዘመን ለሴቶች የተዘጋጀ አንድም የኦሊምፒክ የቢስክሌት ውድድር አልነበረም።

የኦሊምፒክ በር አከፋፈት

ለዚህ መዘግየት ይሰጥ የነበረው ምክንያት የሴት ሰውነት ብዙ ድካም አይችልም የሚል ነበር። ምክንያቱ በቢስክሌት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው በመጨረሻው መስመር ላይ መድከማቸው ስለ ታየ፥ ይህ ርቀት እስከ 1960 ድረስ ከሴቶች የኦሊምፒክ ውድድር ተሰርዞ ቆይቷል። ወንዱ ሲደክም ጀግንነቱ፥ ሴቷ ስትደክም ድካሟ የሚመሰከርበት ዘመን ነበር።

ይህ አስተሳሰብ መላላት የጀመረው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። በዚያ ዓመት የሴቶች ማራቶንና የሴቶች የመንገድ ቢስክሌት ውድድር አብረው ወደ ኦሊምፒክ ገቡ። በቢስክሌቱ ሁለቱ አሜሪካውያት ኮኒ ካርፔንተርና ርቤካ ትዊግ በጎማ ስፋት ተለያይተው አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1988 በሴዑል የቬሎድሮም በር ለሴቶች ተከፈተ፤ የተፈቀደላቸው ግን የአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር ብቻ ነበር። ያሸነፈችው ለሶቪየት ኅብረት የተሰለፈችው የኤስቶኒያዋ ተወላጅ ኤሪካ ሳሉሜ ነበረች። ሳሉሜ በ1992 በባርሴሎና እንደ ገና አሸነፈች፤ በዚህ ጊዜ ግን ነጻነቷን መልሳ ባገኘችው በኤስቶኒያ ስም ነበር። አዘጋጆቹ የኤስቶኒያን ሰንደቅ ዓላማ ገልብጠው እንደ ሰቀሉትም ይታወሳል።

በባርሴሎና የማሳደድ ውድድር፥ በ1996 በአትላንታ የነጥብ ውድድር፥ በ2000 በሲድኒ ደግሞ የ500 ሜትር የሰዓት ውድድር ለሴቶች ተጨመሩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፥ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ወደ አራት ተደረሰ። የእኛ አገር አንባቢም የዚህን አካሄድ ጥቅም ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ወርቅ ያገኘችበት የሴቶች 10,000 ሜትር ሩጫ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1988 ነበር። በሩ ከአራት ዓመት በላይ ቢዘገይ ኖሮ ያ ድል በዚያ ቀን ባልተገኘ ነበር። በር ሲከፈት ማን እንደሚገባበት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ነገር ግን የቢስክሌቱ እንቁላል ወደ ኋላም ይሄድ ነበር። ከ2004 የአቴና ጨዋታ በኋላ ቢ.ኤም.ኤክስ. ለሚባለው አዲስ ውድድር ስፍራ ለመልቀቅ ሲባል፥ የወንዶቹ የአንድ ኪሎ ሜትር የሰዓት ውድድርና የሴቶቹ የ500 ሜትር ውድድር ተሰረዙ። በዚህም ምክንያት በ2008 በቤጂንግ የቬሎድሮሙ ውድድሮች ሲቈጠሩ ለወንዶች ሰባት፥ ለሴቶች ሦስት ብቻ ሆነው ተገኙ።

የ2009ኙ ውሳኔ

ሰባትና ሦስት የሆነው ቍጥር በማንም ፊት ሊሟገቱለት የማይቻል ነበር። በ2009 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከሎንዶን ጨዋታ ጀምሮ ለወንዶችም ለሴቶችም አምስት አምስት ውድድር እንዲሆን ወሰነ። ለሁለቱም ወገን የተመደቡት የፍጥነት ውድድር፥ የቡድን ፍጥነት፥ ኬይሪን፥ የቡድን ማሳደድና ኦምኒየም ነበሩ።

ውሳኔው በቍጥር ረገድ ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን የውድድሮቹ ጠቅላላ ድምር ከአሥር እንዳያልፍ ስለ ተፈለገ፥ አዲሶቹ እንዲገቡ ነባሮቹ መውጣት ነበረባቸው። ስለዚህ ለብቻ የሚደረገው የማሳደድ ውድድርና የነጥብ ውድድር ከወንዶችም ከሴቶችም ተሰረዙ፤ የወንዶቹም ማዲሰን አብሮ ወጣ። በቤጂንግ በማሳደድ ውድድር ወርቅ ያገኘችው እንግሊዛዊት ርቤካ ሮሜሮ ዘውዷን በዚያው ውድድር የምትጠብቅበት ዕድል አላገኘችም። ይህች ሴት በ2004 በታንኳ ቀዘፋ ብር አግኝታ፥ ወደ ቢስክሌት ተሻግራ በአራት ዓመት ውስጥ ለወርቅ የበቃች ነበረች።

የተሰረዙት ውድድሮች ግን ፈጽመው አልጠፉም። ሁለቱም በኦምኒየም ሆድ ውስጥ ገቡ። ቀድሞ ለራሱ ሙሉ ውድድር የነበረው ማሳደድ አሁን የስድስት ውድድሮች አንድ ስድስተኛ ሆነ። የዚህ ለውጥ ክብደት በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ የሎንዶን ውጤት ያሳየናል።

ኦምኒየም በዓለም ሻምፒዮና ለወንዶች የተጀመረው በ2007 ሲሆን፥ ለሴቶች በ2009 በፖላንድ አገር በፕሩሽኩፍ ተጀመረ። የመጀመሪያዪቱ አሸናፊ የአውስትራሊያዋ ጆሴፊን ቶሚክ ነበረች። በ2010ና በ2011 የካናዳዋ ታራ ዊተን፥ በ2012 ደግሞ የእንግሊዟ ላውራ ትሮት አሸነፉ።

ሎንዶን፥ 2012 ዓ.ም.

የሎንዶኑ ኦምኒየም ነሐሴ ወር በገባ በ6ኛውና በ7ኛው ቀን ተደረገ። አሥራ ስምንት አገሮች እያንዳንዳቸው አንዲት ተወዳዳሪ አሰለፉ። በመጀመሪያው ቀን፥ አስቀድመው ፍጥነት ይዘው ከሰዓት ጋር የሚነዱት አንድ ዙር፥ የነጥብ ውድድርና የማስወገድ ውድድር ነበሩ። በሁለተኛው ቀን 3 ኪሎ ሜትር ማሳደድ፥ ስክራች የሚባለው የ10 ኪሎ ሜትር እሽቅድምድም፥ በመጨረሻም የ500 ሜትር የሰዓት ውድድር ተከተሉ። አቈጣጠሩ ቀላል ነበር። አንደኛ ለወጣች አንድ፥ ሁለተኛ ለወጣች ሁለት፥ አሥረኛ ለወጣች አሥር ይጻፍላታል፤ በመጨረሻ ድምሯ ከሁሉ ያነሰው ታሸንፋለች።

ከተሰለፉት መካከል ሁለቱን ለይተን እንመልከት። አንደኛዋ የሃያ ዓመቷ ላውራ ትሮት ናት። ከቀኗ አስቀድማ በመወለዷና አንደኛው ሳምባዋ በመታመሙ ሕይወቷ ያሠጋ የነበረች ልጅ ናት፤ በኋላም ዐሥማ አልተለያትም። ሁለተኛዋ አሜሪካዊቷ ሳራ ሐመር ናት። ሐመር በማሳደድ ውድድር በ2006፥ በ2007፥ በ2010ና በ2011 የዓለም ሻምፒዮን የሆነች፥ በ2010ም የውድድሩን ክብረ ወሰን የሰበረች ሴት ነበረች። በኦሊምፒክ የማሳደዱ ውድድር በስፍራው ቢገኝ ኖሮ ወርቁን ታገኛለች ተብላ ከምትጠበቀው ሁሉ በፊት ስሟ የሚጠራው የእርሷ ነበር። ውድድሩ ስለ ተሰረዘ ግን ወርቅ ፍለጋ ስድስቱን ሁሉ መማር ነበረባት።

በመጀመሪያው ቀን ትሮት በአንዱ ዙር አንደኛ፥ በነጥቡ አሥረኛ፥ በማስወገዱ እንደ ገና አንደኛ ወጣች። የማስወገድ ውድድር በየሁለት ዙሩ በስተመጨረሻ መስመሩን ያቋረጠችው የምትወጣበት ነው፤ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ዐይንና ብልሃት ይጠይቃል። ፀሓይ ስትጠልቅ ትሮትም ሐመርም በ12 ነጥብ እኩል ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን የሐመር ውድድር ደረሰ። በማሳደዱ እንደ ተጠበቀው አንደኛ ወጣች። ትሮትም ሁለተኛ ሆነች። አንባቢ ልብ እንዲለው የሚያሻው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሐመር አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን በሆነችበት፥ የዕድሜዋን ብዙ ዓመት ባፈሰሰችበት በዚህ ውድድር ማሸነፏ በተቀናቃኟ ላይ ያስገኘላት ብልጫ የአንድ ነጥብ ብቻ ነበር። በስክራቹ ሌላ አንድ ነጥብ አተረፈችና ወደ መጨረሻው ውድድር ሲገቡ ሐመር 15፥ ትሮት 17 ሆኑ። የ500 ሜትሩ የሰዓት ውድድር ግን ለትሮት የሚስማማ ነበር። ትሮት አንደኛ፥ ሐመር አራተኛ ወጡ። ድምሩ ሲነገር ትሮት 18፥ ሐመር 19 ሆነ። ሦስተኛዋ የአውስትራሊያዋ አኔት ኤድመንድሰን በ24 ነጥብ ነበረች።

ይህን ውጤት ሁለት ሰው ሁለት ትርጓሜ ሊሰጠው ይችላል። አንዱ፥ ኦምኒየም የተፈጠረው ሁሉን የምትችለውን ለመለየት ነውና ስድስቱን አመዛዝና የነዳችው አሸነፈች፥ ይህም ፍርድ ነው ይላል። ሌላው፥ በአንድ ጥበብ የተካነች ሴት ጥበቧ በስድስት ተካፍሎ ቀረባት ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ትሮት ወርቁን በሚገባ አግኝታዋለች። ሐመርም እኩልነት በተቈጠረበት ቀን ድርሻዋ የተነካባት ሰው መሆኗ አይካድም።

ሪዮና የሕጉ መለዋወጥ

የሎንዶኑ አቈጣጠር አንድ ጉድለት ነበረው። መሪዋ በመጨረሻው ውድድር ምን ያህል ነጥብ ልታጣ እንደምትችል አስቀድሞ የተወሰነ ስለ ነበር ፍጻሜው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ በ2014 ሕጉ ተለወጠ። አንደኛ ለወጣች 40፥ ሁለተኛ ለወጣች 38፥ ሦስተኛ ለወጣች 36 እየተባለ እንዲሰጥ፥ ከሁሉም የበለጠ ድምር ያላት እንድታሸንፍ ተደረገ። የነጥብ ውድድሩ ወደ መጨረሻ ተዛውሮ፥ በእርሱ የተገኘው ነጥብ እንዳለ በድምሩ ላይ እንዲጨመር ተወሰነ። በዚህ ሕግ መሠረት የመጨረሻው ዙር እስኪጠናቀቅ ድረስ ማንም «አሸንፌያለሁ» ለማለት አትችልም።

በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሆነው ግን ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት አልነበረም። በነሐሴ 15ና 16 በተደረገው ኦምኒየም ትሮት በ230 ነጥብ ስታሸንፍ ሐመር በ206 ሁለተኛ፥ የቤልጂጓ ዮሊን ዶሬ በ199 ሦስተኛ ሆኑ። ትሮት በዚህ ድል አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ እንግሊዛዊት ሴት ሆነች። ሐመር በበኩሏ በሎንዶንም በሪዮም በኦምኒየምና በቡድን ማሳደድ ሁለተኛ ስለ ወጣች አራት የብር ሜዳልያ ይዛ ከኦሊምፒክ ተሰናበተች። ወርቅ አላገኘችም። በመካከሉ በ2013ና በ2014 የኦምኒየም የዓለም ሻምፒዮን ሆና እንደ ነበር ስናስብ፥ የአራቱ ብር ክብደት ይገባናል።

ከሪዮ በኋላ ሕጉ እንደ ገና ተለወጠ፤ ይህም ለውጥ ከቀደሙት ሁሉ የጠለቀ ነበር። ከሰዓት ጋር የሚደረጉት ሦስቱ ውድድሮች፥ ማለት አንዱ ዙር፥ ማሳደዱና የ500 ሜትሩ ወጡ። ቴምፖ የሚባል አዲስ ውድድር ገባ። ኦምኒየምም ሁሉም በአንድነት በሚሽቀዳደሙባቸው በአራት ውድድሮች ተወስኖ በአንድ ቀን እንዲያልቅ ሆነ። እነርሱም እነዚህ ናቸው። በስክራች በመጨረሻው ዙር መስመሩን የቀደመች ታሸንፋለች። በቴምፖ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች በኋላ በየዙሩ የቀደመችው አንድ ነጥብ ታገኛለች። በማስወገድ የመጨረሻዪቱ እየወጣች ትቀራለች። በነጥብ ውድድር በየአሥሩ ዙር ለቀደሙት አራት ሴቶች 5፥ 3፥ 2፥ 1 ይሰጣል፤ በመጨረሻው ዙር ይህ እጥፍ ይሆናል፤ ሌሎቹን አንድ ሙሉ ዙር ለቀደመች 20 ይጨመርላታል፤ ዙር ለተቀደመችውም 20 ይቀነስባታል።

ከዚህ የተነሣ «የሁሉም» የሚለው ስም ትርጉሙ ጠበበ። የሎንዶኑ ኦምኒየም የአጭር ርቀት ፈጣኗንና የረጅም ርቀት ጽኑዋን በአንድ ሰው ውስጥ ይፈልግ ነበር። አዲሱ ግን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር የሚደረግ ትግል ነው። መቼ መሮጥ፥ መቼ ከሌላዪቱ ጀርባ ተጠልሎ ጉልበት መቈጠብ እንደሚገባ ማወቅን፥ አራት ጊዜ ደክሞ አራት ጊዜ መነሣትን ይጠይቃል።

ቶክዮና ፓሪስ

በኮሮና በሽታ ምክንያት አንድ ዓመት የዘገየው የ2020 የቶክዮ ጨዋታ በ2021 ተደረገ። የሴቶቹ ኦምኒየም በጨዋታው መዝጊያ ቀን፥ በነሐሴ 8፥ በኢዙ ቬሎድሮም ነበር። በመጀመሪያው ውድድር በስክራቹ መጨረሻ ብዙ ነጂዎች ተያይዘው ወደቁ፤ ከወደቁትም አንዷ ሁለት ጊዜ ያሸነፈችው ላውራ ትሮት ነበረች። በዚያ ጊዜ አግብታ በባሏ ስም ላውራ ኬኒ ተብላ ትጠራ ነበር። ተነሥታ ብትቀጥልም ስድስተኛ ሆና ጨረሰች።

ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ቫለንቴ በ124 ነጥብ ነበረች። የጃፓኗ ዩሚ ካጂሃራ በ110 ሁለተኛ፥ የኔዘርላንዷ ኪርስተን ዊልድ በ108 ሦስተኛ ወጡ። ዊልድ ብዙ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረች ስትሆን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያገኘችው በ38 ዓመቷ በዚህ ቀን ነው። የቫለንቴ ወርቅ ደግሞ አሜሪካውያት ሴቶች በቬሎድሮም ካገኙት የኦሊምፒክ ወርቅ የመጀመሪያው ነው። ይህች ቫለንቴ ማን ናት ቢሉ፥ በ2016 በሪዮ ሳራ ሐመር ብር ባገኘችበት የቡድን ማሳደድ ከሐመር ጋር በአንድ ረድፍ የነዳች ልጅ ናት። ታላቋ በአንድ ነጥብ ያጣችውን ታናሿ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገኘችው።

በ2024 በፓሪስ ጨዋታ፥ በሳን ካንታን አን ኢቭሊን ቬሎድሮም፥ በነሐሴ 11 ቫለንቴ በ144 ነጥብ ደግማ አሸነፈች። የፖላንዷ ዳሪያ ፒኩሊክ በ131፥ የኒው ዚላንዷ አሊ ዎላስተን በ125 ተከተሏት። እንግዲህ እስከ ፓሪስ ድረስ አራት ጊዜ የተደረገውን የኦሊምፒክ የሴቶች ኦምኒየም ሁለት ሴቶች ሁለት ሁለት ጊዜ ተካፈሉት። ሁለቱን በሁለት የተለያዩ ሕጎች፥ ሁለተኞቹን ደግሞ በሌላ ሦስተኛ ሕግ ነው። ሕጉ ሲለዋወጥ የአሸናፊዎቹ ቍጥር አለመብዛቱ አንድ ነገር ያስረዳል። ሚዛኑ ቢለወጥም በልዩ ልዩ ፈተና የጸና ችሎታ መታየቱ አይቀርም።

ምን እንማርበታለን

ይህን ታሪክ ስንደመድም ስለ እኩልነት ሦስት ነገር እናስተውላለን።

መጀመሪያ፥ የቍጥር እኩልነት የእኩልነት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ከቶክዮ ጀምሮ ማዲሰን ለሴቶችም ተፈቅዶ ውድድሮቹ ስድስት ስድስት ሆነዋል። ይሁን እንጂ በፓሪስ የወንዶቹ ስክራችና ቴምፖ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ሜትር ሲሆኑ የሴቶቹ 7.5፥ የወንዶቹ የነጥብ ውድድር 25 ሲሆን የሴቶቹ 20 ኪሎ ሜትር ነበር። ቤሪል በርተን በ1967 የወንዶቹን ክብረ ወሰን ካለፈች ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ከተቈጠረ በኋላ ርቀቱ ገና አልተስተካከለም ነበር። ከ2025 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ማኅበር የሴቶችን የማሳደድ ውድድር ከ3 ወደ 4 ኪሎ ሜትር፥ የሰዓቱንም ከ500 ሜትር ወደ 1 ኪሎ ሜትር በማሳደግ ከወንዶቹ ጋር አስተካክሏል። ይህም የጥንቱ «አይችሉም» የሚለው ምክንያት ቀስ በቀስ እየተነቀለ መሄዱን ያሳያል።

ሁለተኛ፥ አንድን ስፍራ ለማስፋት ሌላውን ስፍራ ማጥበብ ቀላል መንገድ ቢሆንም ያለ ዋጋ አይደለም። በ2009 የተወሰነው ትክክል ነበር። ሰባትና ሦስት አምስትና አምስት መሆን ነበረበት። ነገር ግን ዋጋውን የከፈሉት ውሳኔውን የወሰኑት ሰዎች ሳይሆኑ፥ ለብዙ ዓመት በአንድ ጥበብ የደከሙት እንደ ሐመርና እንደ ሮሜሮ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሥርዓት የሚያወጣ ሰው፥ በመሥሪያ ቤትም ይሁን በትምህርት ቤት፥ ትክክለኛውን ነገር በሚያደርግበት ጊዜ እንኳ ጭነቱ በማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ አለበት። ይህን መጠየቅ ውሳኔውን ማፍረስ አይደለም። ተሸካሚውን ማወቅና ማሰብ ነው።

ሦስተኛ፥ በር ከተከፈተ በኋላ የሚገባው ትውልድ በሩ ተዘግቶ ሳለ የደከመውን አይረሳ። ቲሊ አንደርሰን የተከለከለችበት፥ ቤሪል በርተን ያልደረሰችበት፥ ሳራ ሐመር በአንድ ነጥብ የቀረችበት ሜዳ ቫለንቴ ሁለት ጊዜ ዘውድ የደፋችበት ሜዳ ነው። አገራችን ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ቢስክሌተኞችንም ልካ ነበር። በዚያን ጊዜ የተላኩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ልጆቿ በሩጫው ሜዳ ምን እንደ ሠሩ ዓለም ያውቀዋል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ቢስክሌት ለመንዳት የምትፈልግ ልጃገረድ ስትገኝ «ይህ ለሴት አይሆንም» የሚላት ሰው፥ ያ ቃል በ1902 ተነግሮ፥ በ1928 ተደግሞ፥ ሁለቱንም ጊዜ ሐሰት ሆኖ እንደ ተገኘ ያስታውስ።